ለአማቴ ሱባኤ ጫካ ስፈልግ

እኔ ድንኳን ይዞ ጫካ ማደር የሚባለውን ነገር ወድጄ የማደርገው ሰው አይደለሁም። ሱዳን እስክንገባ ድረስ ያለ ድንኳን የሚበቃኝን ያህል አድሬያለሁ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ አንድ ሰመር ሙሉ፣ ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ከሲያትል ስድስት ሰዓት እየነዳሁ የዋሽንግተን ስቴትን ሰሜን ምሥራቅ ጫካ ሳስስ የከረምኩት በአማቴ ምክንያት ነው።

አማቴ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ሱባኤ ይገባሉ። አገር ቤት ሳሉ ከነሐሴ አንድ እስከ ዐሥራ አምስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ትንሽ ጎጆ ይይዙና ከሰው ሳይነጋገሩ፣ ጥሬ ቆርጥመው፣ ሲጸልዩ ይሰነብታሉ። ያኔ ግን የሚኖሩት ከእኔና ከልጃቸው ጋር፣ ሲታክ አየር ማረፊያ አጠገብ ያለ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ከላይ አውሮፕላን፣ ከታች የጎረቤት ሙዚቃ፣ ሳሎን ውስጥ የልጄ ካርቱን። ከዚያ ሰመር በፊት በነበረው ዓመት መኝታ ቤታቸውን ዘግተው ሞክረውት ነበር። በአራተኛው ቀን የበረሮ መድኃኒት የሚረጭ ሰውዬ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባባቸው። "ፈረሰብኝ" ብለው ሦስት ቀን አለቀሱ።

የሚያስለቅሳቸው ነገር ነበራቸው። ሱባኤው የስለት ነው። ድንበር ስንሻገር የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አብሮን ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አርፈን ሳለ ጀሪካን ይዞ ውኃ ሊፈልግ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ በወረደበት በኩል ተኩስ ሰማን። መንገድ መሪያችን "ተነሡ" አለ። አማቴ አልነሣም አሉ። እጃቸውን ይዤ ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ። "መንገዱን ያውቀዋል እማማ፣ ይደርስብናል" አልኳቸው። መንገዱን አያውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ የት ደረሰ የሚል ሰው አላገኘንም። እሳቸውም አንድ ፍልሰታ ሳላጎድል ከፈጸምኩ እመቤቴ ልጄን ታመጣልኛለች ብለው ተሳሉ። እኔ በተማሪነቴ ከሃይማኖት ጋር ተኳርፌ ገና አልታረቅሁም፤ ቢሆንም ስለቱ በማን ምክንያት እንደመጣ አልጠፋኝም።

ሲታክ ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሮጌ አሜሪካዊ ነበር፤ አዳኝ ነው፣ ከንፈሩ ሥር ትንባሆ አይጠፋም።

"ሰው የማይደርስበት ጫካ እፈልጋለሁ" አልኩት።

"ማንን ገድለህ ነው?"

"አማቴን ሁለት ሳምንት ላስቀምጥበት ነው።"

ትንሽ አየኝና "ይገባኛል" አለ። ምኑ እንደገባው እግዜር ይወቅ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ካርታ ይዞ መጣ።

ለሲያትል የሚቀርበው ተራራ በሰመር ከመርካቶ አይሻልም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ካናዳ ድንበር ጥግ ያለው ጫካ ግን ደረቅ ነው፣ ሰውም የለበትም። የመንግሥት ጫካ ስለሆነ ማንም ገብቶ በነፃ ያድራል። ጠረጴዛ የለም፣ ቧንቧ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ቦታው የት እንደሆነም ካርታው ላይ አልተጻፈም፤ ፈልጎ ማግኘት ያንተ ፋንታ ነው። ሰውዬው አፈላለጉን አስተማረኝ። ከጠጠሩ መንገድ የሚገነጠሉትን ትንንሽ መንገዶች ተከተል። የመንገዱ ቁጥር አግድም ከተጻፈ ያንተ መኪና ይሄድበታል፣ ከላይ ወደ ታች ከተጻፈ ግን ተመለስ። በክብ የተደረደረ የጠቆረ ድንጋይ ካየህ ሰው ያደረበት ነውና እዚያው እደር፣ አዲስ ቦታ አትመንጥር። ከወንዙ መቶ እርምጃ ራቅ። ቆሞ የደረቀ ዛፍ ሥር አትተኛ። እኛ አገር ጉልቻ ካየህ የሰው ጓዳ ገብተሃል ማለት ነው፤ እዚህ የሰው ጉልቻ "ግባ" ይልሃል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከላይ ወደ ታች የተጻፈውን ቁጥር ንቄ ገባሁና የመኪናዬን ማርሚታ እዚያው ጥዬ ተመለስኩ። እሁድ ያገኘሁት ቦታ ላይ የተቀደደ ሶፋና የቢራ ጣሳ ክምር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው "የእኔ ምርጥ" ብሎ ምልክት ያደረገልኝን ቦታ አገኘሁት፤ ግሩም ቦታ ነው፣ ግን የአጋዘን አጥንትና የጥይት ቀለህ ሞልቶበታል። ደም የፈሰሰበት ላይ አማቴን ላስቀምጣቸው? በሦስተኛው ሳምንት ያገኘሁት ደግሞ ግንድ የጫኑ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት መንገድ አፍ ላይ ነበር። ባለቤቴ "ቦታ የምትፈልገው ለእማዬ ነው ወይስ ከእኛ ለመጥፋት?" ማለት ጀመረች። እውነት ለመናገር ሁለቱም ነበረበት።

በሐምሌ መጨረሻ እሁድ ተሳካልኝ። ከአንድ ገደላማ መንገድ ጫፍ፣ ጥድ መሃል፣ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ትንሽ ሜዳ። ወንዙ ይሰማል እንጂ አይታይም። ሦስት ማይል ከፍ ብሎ ሌላም ነበር፣ ግን ዳገት ስለበዛው ተውኩት። ቀኑ ሐምሌ ሃያ ስድስት ነው። በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የኖረ ሰው ቦታ ካገኘ ድንጋይ ሳያስቀምጥ አይሄድም፤ እኔም ድንኳኑን ተከልኩ፣ ውስጡ ባዶ ካርቶን አስቀመጥኩና በሩን ቆልፌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በራሴም ኮራሁ። የአራዳ ልጅ!

ነሐሴ አንድ ቀን አማቴን ይዤ ደረስኩ። ካጠራቀምኩት ዕረፍት ሁለት ሳምንት ተኩል ወስጄ ነበር። ዞር ዞር ብለው ሜዳውን አዩና "እግዚአብሔር ያክብርህ" አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ጠዋት ድንኳኑ ደጃፍ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቆማሉ። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በውኃ የራሰ ሽምብራ አንድ እፍኝ ይቀምሳሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይገባሉ። በድርቁ ምክንያት እሳት ማንደድ ክልክል ነበር፤ እሳቸውን እንደሁ እሳት አያስፈልጋቸውም። እኔ መቶ እርምጃ ዝቅ ብዬ መኪናዬ አጠገብ እውላለሁ። ከቤት በበረዶ ሣጥን ያመጣሁትን የተቀቀለ እንቁላል እየደበቅሁ እበላለሁ፣ ትንኝ እገድላለሁ፣ የቆየ ጋዜጣ እደግማለሁ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ መሰልቸቱም ሰለቸኝ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የጫካው ጠባቂ፣ ሬንጀር የሚሉት፣ በፒክአፕ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት። ማስታወሻዋን ገልጣ "ድንኳኑ ከተተከለ ዛሬ ዐሥራ አራት ቀኑ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ከዚህ በላይ መቆየት አይቻልም" አለችኝ። ቀኑን የቆጠረችው ከሐምሌ ሃያ ስድስት ነው፤ ማታውኑ አልፋ አይታው ኖሯል። ሰው የገባበት ነሐሴ አንድ ነው ብላት "ሰው የሌለበትን ድንኳን ተክሎ መሄድም ክልክል ነው" አለችኝ። ወደ ሜዳው ቀና ብላ አማቴን አየች። አመድ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጣሳ የለ። "እሳቸው ምን እየሠሩ ነው?" አለች። "እየጠበቁ" አልኳት። እስከ ነገ እኩለ ቀን እንድንለቅ፣ ከፈለግንም ጥቂት ማይል ርቀን ሌላ ቦታ እንድንይዝ ነግራኝ ሄደች።

ድንጋይ አስቀማጭ! ስድስት ቀን ይቀራል፤ ያፈረስኩባቸውም እኔው ነኝ።

ነገርኳቸው።  ሱባኤ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

"ሱባኤ የገባ ሰው ከበዓቱ አይወጣም። ወጣሁ ማለት አፈረስኩ ማለት ነው።"

"ሌላ ቦታ አለ እማማ፣ እዚህ ቅርብ ነው።"

"ዳግመኛ ጥዬው ልሂድ?" አሉ። ስለ ድንኳኑ አልነበረም። "በቃ፣ ልጄን ቅበሪው በለኛ!"

 ቄስ ልጠይቅ ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ። ያኔ ሲያትል የራሳችን ቄስ አልነበረንም፤ አልፎ አልፎ ከሌላ ስቴት የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ፣ ቁጥራቸው በኪሴ አለ። አንድ ሰዓት ቁልቁል ነድቼ አንዲት የገጠር ሱቅ ደጃፍ ካለ የሕዝብ ስልክ ኮል አደረግሁ። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣ የለም። ኮካ ገዝቼ ጠጣሁ። እንደገና ደወልኩ። ሦስቴ ሞከርኩ። ከዚያ ወደ ጫካው ነዳሁ፤ መንገድ ላይ ቄሱን ራሴ ሆንኩ።

"አገኘኋቸው" አልኳቸው አማቴን። "እንዲህ አሉ፦ እመቤታችንም ልጇን ይዛ ስትሰደድ አንድ ቦታ አልተቀመጠችም። በዓት ልብ ነው እንጂ ድንኳን አይደለም። ሱባኤው አይፈርስም፣ ይዘሽው ሂጂ።"

በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት የተገረፍኩት ለዚህ ቀን ነበር መሰለኝ፣ ቃሉ ዝም ብሎ ፈሰሰልኝ። አማቴ አተኩረው አዩኝ።

"በእርግጥ እንዲህ አሉ?"

"አሉ።"

በመኪና ግን አልሄድም አሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ድንኳኑን ነቅዬ መኪናው ላይ ጫንኩ፣ መኪናውን ተመልሼ ልወስደው እዚያው ትቼ እጃቸውን ይዤ ሦስቱን ማይል ዳገት ወጣን። ምንም አያዩም፤ ጠጠሩ እግራቸው ሥር ይንሸራተታል፣ ጸሎታቸውን ያነበንባሉ። እኔ "ድንጋይ አለ፣ ቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ" እያልኩ እመራለሁ። እጃቸው ያው ያኔ ያስነሣሁት እጅ ነው። ያኔም ዋሽቼ ነው ያስኬድኳቸው። ላብ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፣ ማን እንዳየኝ እንጃ።

አዲሱን ቦታ ባይወዱትም ጨረሱ። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጠዋት ሳቅ ብለው ወጡ፣ የደበቅሁትን እንቁላልም በገዛ እጃቸው ከመኪናው አውጥተው በሉ። ለካ ሽታውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀውታል።

መንፈቅ አለፈ፣ ዓመት አለፈ። ከልጁ ወሬ የለም። አማቴ ግን እንደበፊቱ አላለቀሱም። ፖስታ ሳጥኑን ቀን ቀን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ "መንገዱ ሩቅ ነው" ይላሉ።

በሁለተኛው ዓመት ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ያ ቄስ መጡ። አማቴን የምንከራየው አዳራሽ ወሰድኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ ሰልፍ ይዘን መስቀል ልንሳለም ደረስን። አማቴ የሚሉትን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ መኪና ፓርክ ላድርግ ብዬ እጠፋ ነበር።

"አባቴ፣ ያኔ ጫካ ሆኜ የላኩልኝ ቃል ነው ያቆመኝ" አሉ።

"የትኛው ቃል?" አሉ ቄሱ።

አማቴ አንድም ሳያስቀሩ አሉት። እመቤታችንን፣ ስደቷን፣ ልቡን፣ ድንኳኑን። ቄሱ መጀመሪያ እሳቸውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"ደህና ቃል ነው" አሉ በመጨረሻ። "እግዚአብሔር ይቀበልልዎ እናቴ።" የእኔን ግንባር በመስቀሉ ሲነኩኝ ጠበቅ አድርገው ነው፤ አመመኝ።

ስንመለስ ሃይዌይ ላይ እንደወጣን አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔኮ ተጠራጥሬህ ነበር" አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ። ይህ ሰው እኔን ለማጽናናት ብሎ ይሆናል፣ ደውሎም ላይሆን ይችላል ስል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።"

"ምንም አይደል እማማ።"

"እንግዲያ ያኛውም እውነት ነው።"

"የቱ?"

"ደረቁ ወንዝ ላይ ያልከኝ። መንገዱን ያውቀዋል፣ ይደርስብናል አላልከኝም?"

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። አፌን ከፈትኩ፤ እውነቱ እዚያው ምላሴ ላይ ነበር፣ ሁለቱም እውነት። እሳቸው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ፊታቸው እንደዚያ የጫካው የመጨረሻ ጠዋት ሳቅ ብሎ፣ መልሴን ይጠብቃሉ።

"ብያለሁ እማማ" አልኳቸው። "ይደርሳል።"

ፍሬቻ አሳይቼ በሲታክ መውጫ ታጠፍኩ። ቤት ስንደርስ እሳቸው ቀድመው ወረዱና ወደ ፖስታ ሳጥኑ ሄዱ።