ካዙኤ ያረመችው ስዕል

ካዙኤ ቀናተኛ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ኋላ በሰው ፊት ራሷ በአፏ ተናግራዋለች። ክፉ ናት ማለትም አይደለም። የታመመ ትጠይቃለች፣ ሥራ የበዛበትን ታግዛለች፣ ሠርግና ለቅሶ አይቀርባትም። ብቻ ሌላ ሰው ሲመሰገን ስትሰማ አንጀቷ ያርራል። ምን ታድርግ፣ እንዲያ ሆና ተፈጠረች።

ቶኪዮ ውስጥ፣ ሱጊናሚ ሰፈር፣ ከአንድ ላውንደሪ ቤት ፎቅ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ካርቱን ስትስል ኖራለች። አሥራ አንዱን ዓመት የበላው አንድ ሥራ ነው፤ ኦኪሺማ የሚባል ጃንጥላ ጠጋኝ ሽማግሌ ወንጀለኛ እያደነ የሚይዝበት፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የሚታይ ተከታታይ። ሽማግሌው በየሳምንቱ ዝናብ ይመታዋል፣ በየሳምንቱ ሬሳ ያገኛል። «እሱ ባለበት ሰፈር በነፃም ቢሰጡኝ ቤት አልከራይም» ይላሉ የሚስሉት ራሳቸው።

አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ዋናው አራሚ ጡረታ ሊወጣ ነው። ዋና አራሚ ማለት የሁሉም ሰው ስዕል በእጁ የሚያልፍ፣ የኦኪሺማ ፊት ይህን ይመስላል ብሎ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሰው ነው። ካዙኤ በምክትል አራሚነት ስትለፋ የኖረችው ያቺን ወንበር እያየች ነበር። ከኔ ሌላ ማን አለ ትል ነበር፤ እውነትም ማንም አልነበረም፣ ሆናሚ እስክትመጣ ድረስ።

ሆናሚ ከአኪታ ክፍለ ሀገር የመጣች የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ድምጿ አይሰማም፣ ሰው ሲያናግራት ጆሮዋ ይቀላል። ዳይሬክተሩ ኩሬታኒ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ፣ «የሆናሚ ስዕል ይተነፍሳል» አለ። ቀጥሎ ወደ ካዙኤ ዞሮ፣ በአገሩ የአክብሮት መጠሪያ «ሳን» እያለ፣ «ካዙኤ ሳን ደግሞ እንደ ሁልጊዜው በሰዓቱ ታደርሳለች» አላት።

«በሰዓቱ ታደርሳለች!» አለች ካዙኤ ምሳ ላይ፣ ቀለም ለምትቀባው ጓደኛዋ ለዮሪኮ። «ባቡር ነኝ እንዴ?»

«ባቡርን ማን ይጠላል?»

«የልጅቷ ግን ይተነፍሳል አሉ። የኔ ሞቷል ማለት ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽ እያረረብሽ የሰው አታማስዪ። ሩዝሽን ብዪ» አለች ዮሪኮ። ካዙኤ ሩዟን ሳትነካ ተነሳች።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ የምዕራፉ መጨረሻ ክፍል ተከፋፈለ። ኦኪሺማ ገዳይዋን ፊት ለፊት የሚያፋጥጥበትን ትዕይንት ሆናሚ እንድትስለው፣ ካዙኤ እንድታርመው ተባለ። አራሚ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በሠዓሊው ስዕል ላይ ስስ ቢጫ ወረቀት ያነጥፍና የተበላሸውን ብቻ ደግሞ ይስላል። ከዚያ ወዲያ የሚሠሩት ሁሉ የሚከተሉት ቢጫውን ነው። ከሥር ያለው ነጩ ወረቀት ኤንቨሎፕ ውስጥ ይቀራል፣ ዳይሬክተሩም ሳይቀር ማንም አያየውም።

ገዳይዋ የኦኪሺማ ጎረቤት፣ ሻይ ቅጠል ሻጯ ሴትዮ ናት። ሆናሚ አላስለቀሰቻትም። ሴትዮዋ ሽማግሌው ሲናገር እየሰማች እርጥብ ጃንጥላዋን ትጠቀልላለች፤ ማሰሪያውን ልትቆልፍ ስትል አውራ ጣቷ ቁልፉን ይስተዋል። አሁንም ይስተዋል። ሦስተኛም። ይኸው ነው።

ካዙኤ ወረቀቶቹን በጣቶቿ መሃል ይዛ እያገላበጠች እንቅስቃሴውን አየችው። እንባዋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ደሟ ፈላ። ሃያ ሦስት ዓመት ስስል ይህቺን አውራ ጣት እንዴት እኔ አላሰብኳትም? ይህ ከታየ ወንበሩ የሷ ነው፣ አበቃ።

ቢጫውን ወረቀት አነጠፈች። የሴትዮዋን ፊት ለወጠች፣ እጇን ለወጠች፣ ትከሻዋን ለወጠች። ሴትዮዋን አንቀጠቀጠቻት፣ አስለቀሰቻት፣ ጃንጥላውን ከእጇ አስጣለቻት። ሁለት ቀን ሙሉ ቀና አላለችም። ቅናት እጇን አበረታው መሰለኝ፣ በዕድሜዋ እንደዚያ አሳምራ ስላ አታውቅም። ከሆናሚ አንዲት መስመር አልተረፈችም።

ሆናሚ ስታይ ጆሮዋ ቀላ። «ካዙኤ ሳን፣ በጣም አስቸገርኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ጎንበስ አለች።

«ግድ የለም፣ ቀስ እያልሽ ትማሪያለሽ» አለች ካዙኤ። ይህን ያለው አፏ ነው፤ ሆዷ ግን አፍሮ ነበር።

መስከረም ላይ ክፍሉ ታየ። በማግስቱ አገር ምድሩ ያቺን ሴትዮ አነሳ፤ እጇ፣ እንባዋ፣ የወደቀው ጃንጥላ። ግን መጨረሻ ላይ ስም ሲዘረዘር ትዕይንቱ የሚቆጠረው ለሠዓሊው ነው። የትኛው መስመር የአራሚው እንደሆነ ውጭ ያለ ሰው ከየት ያውቃል? «ሆናሚ ማናት?» አለ ሰው ሁሉ። ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ ይባል የለ፤ ካዙኤ የዕድሜዋን ምርጥ ስዕል በገዛ እጇ ለጠላቻት ልጅ ሰጠቻት።

ሰኞ ኩሬታኒ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «የሚቀጥለው ምዕራፍ ዋና አራሚ ሆናሚ ናት። እኔ አስቤበት ነበር፣ አሁን ደግሞ ሕዝቡም መሰከረላት» አለ። ካዙኤም ከሰው ጋር አጨበጨበች። የኔ ነው ብላ ልትጮህ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ታዲያ የልጅቷን ለምን ጠቅላላ ደመሰስሽው?» ቢሏት ምን ልትል ነው?

ሆናሚ ብድግ አለች። «ዳይሬክተር፣ ልቀበል አልችልም። ያ ትዕይንት የኔ አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሳሉት ካዙኤ ሳን ናቸው።»

የካዙኤ ልብ ዘለለ። ወንበሩ መጣ! ለዚያች አፍታ ልጅቷን እንደ እህት ወደደቻት።

ኩሬታኒ ኤንቨሎፑን አስመጣ። ቢጫውን በአንድ በኩል፣ ነጩን በሌላ በኩል ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ነጩን አንስቶ አገላበጠ። አውራ ጣቷ ቁልፉን ሳተው። ደግሞ አገላበጠ። ከኋላው ቆማ የምታየው ዮሪኮ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

«ካዙኤ ሳን» አለ ኩሬታኒ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንቺም ግሩም ነው፣ ሰው ወዶታል። ግን አራሚ የሚያርመው ስህተት ነው። የዚህ ስህተቱ ምን ነበር?»

የምትለው አላጣችም። መልኩ ከሌላው ክፍል ጋር አይሄድም፣ ሰዓቱ ይረዝማል፤ ሰበብ መደርደር የሃያ ሦስት ዓመት ሙያዋ ነው። ነጩን ወረቀት አየችው።

«ስህተት የለውም» አለች። «መጀመሪያ ሳየው አለቀስኩ። ከዚያ ቀናሁ።»

«ካዙኤ ሳን፣ እኔ እኮ ይህን ሥራ የጀመርኩት የእርስዎን...» አለች ሆናሚ።

«ተዪ፣ አታጽናኚኝ፣ ይብስብኛል።» ወደ ኩሬታኒ ዞረች። «ወንበሩን ለሷ ይስጧት።» ከዚያ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «አሁንም እቀናብሻለሁ፣ ነገም እቀናብሻለሁ» አለቻት። «አንቺ ግን የኔን ስታርሚ፣ ስህተት ካላገኘሽበት እንዳትነኪብኝ።»