ወተቱ ያጥበዋል

ለቡ መብራት ኃይል፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ሰሞኑን ፎቅ ይሠራል። አንዲት ልጅ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ በማሽን ሴራሚክ ትቆርጣለች። ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኖ አየሁና፣ "አንቺ፣ በዚህ ዕድሜሽ ቀድመሽኝ ሸበትሽ እንዴ?" አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ጥሩነሽ ትዝ አለችኝና ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ።

ጥሩነሽ ጓደኛዬ ነበረች። ልጃገረድ ሆነን ጎፋ፣ ነጭ ድንጋይ የሚፈጭ ቤት አብረን ተቀጠርን። ከሀና ማርያም በእግራችን ነበር እምንመጣው። ክረምት ጭቃው ጫማ ይቀማል፤ በጋ ነፋሱ ቀሚስ ይገልባል። በኪሳችን ቆሎ አለ፣ እሱን እየቆረጠምን ነው መንገዱ እሚያልቀው። ሥራችን እንደ ዱቄት የላመውን ድንጋይ በአካፋ ከረጢት ውስጥ መሙላት ነው። አቧራው ሲነሣ ማን ማን እንደሆነ እምንለየው በሳላችን ነበር።

ለአፍንጫችን መሸፈኛ ጨርቅ፣ በየቀኑ ደግሞ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጡናል። ወተቱ አቧራውን ከሳንባ ያጥበዋል ይባላል። ማን እንዳለው እንጃ፤ እኛ ግን እንደ ጠበል አመንነው። ጨርቁንማ እኔ ያኔውኑ ጣልኩት። አፌ ተሸፍኖ እንዴት ላውራ? ጥሩነሽ ግን አጥብቃ ታስረዋለች።

"ኧረ ሙሽሪት! ሚዜዎችሽ የት ቀሩ?" እላታለሁ። አብረውን እሚሠሩት ወንዶች ያጨበጭባሉ።

"ተይኝ እቴ፣ አቧራው ደረቴን ያፍነኛል።"

"ወተቱን ጠጪበታ! ያጥበዋል!"

አንድ ሳምንት ቻለችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊቷን ገልጣ መጣች። እልል አልኩላት። ያቺን እልልታ መልሼ ብውጣት!

እኔን ምላሴ አተረፈኝ። ፎርማኑ፣ "ይቺ ለፍላፊ ሰው ሥራ አስፈታች" ብሎ ግቢ ጠራጊ አደረገኝ። ቅጣት መስሎኝ አልቅሻለሁ። ጥሩነሽ እዚያው አቧራው ውስጥ ቀረች፣ ስንት ዓመት። ኋላ ላይ ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሦስቴ መቆም ጀመረች።

"ወተትሽን ጠጥተሻል?"

"ጠጥቻለሁ።"

የመጨረሻውን ክረምት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አሳለፈችው፤ ተጋድማ መተንፈስ አልቻለችም። ሐኪሙ፣ "ድንጋዩ ያለው ሳንባ ውስጥ፣ ወተቱ እሚሄደው ሆድ ውስጥ" አላት። ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እኩዮቼ አልቀዋል። ቤት ያለው ሰው ስልኩን ነው እሚያየው፤ ስቀልድ እንኳ ቀና እሚልልኝ የለም። ጠዋት ጠዋት ለጥሩነሽ እምነግራትን ቀልድ ለብቻዬ አዘጋጃለሁ።

ትናንት የልጅ ልጄን ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ለአቧራ እሚሆነውን፣ ወፍራሙን ማስክ ሁለት አስገዛሁት። አንዱን ለልጅቷ ሰጠኋት።

"እማማ፣ ወንዶቹ ይስቁብኛል" አለች።

ጨርቁማ ጥሩነሽም ነበራት። አብሯት እሚያስር ጓደኛ ነው ያጣችው። ሁለተኛውን እኔ አሰርኩና በርጩማዬን ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከላይ ወንዶቹ ሳቁ።

"እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?" አለ አንዱ።

"ሚዜ ነኝ" አልኩት።