ከደረጃው ስር የምታለቅሰው ሕፃን

ትናንት ሳሊተ ምሕረት ባለው የምክር ቢሮዬ አንዲት ወጣት ያየችውን ሕልም ነገረችኝና «ፍቺው ምንድን ነው?» አለችኝ። በሃያ ዓመቴ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቸኩዬ መልሼ ነበር።

ያን ጊዜ ምሥራቅ አዲስ አበባ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸት ነበር። ቦሌ አራብሳ የነበረው የጤፍ ማሳችን ለኮንዶሚኒየም ተወስዶ፣ እኛ ራቅ ብሎ በተሰጠን ቦታ ቤት ሠርተን ገብተናል። እኔ ሥነ ልቦና የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ውኃው፣ እባቡ፣ ቤቱ፣ ሕልም ላይ የሚታየው ሁሉ ከጥልቁ አእምሯችን የሚመጣ ምልክት ነው የሚል መጽሐፍ ከእጄ አይለይም። የሰፈሩን ሰው ሕልም እየለቀምኩ እፈታ ነበር።

አባቴ ወሬ የማያበዛ ገበሬ ነው። ክረምቱ ሲገባ አንድ ጠዋት፣ የተቀቀለ ባቄላ እየበላን ሳለ እጁን ከሳህኑ አነሳ።

«ልጄ፣ ሕልም ተምረሻል አሉ። እኔ በተኛሁ ቁጥር አንዲት ሕፃን ማሳችን ላይ ከቆመው ሕንፃ ደረጃ ስር ታለቅስብኛለች።»

አባቴ እኔን ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበርና ደስታዬ ወሰን አጣ። ደብተሬን ገለጥኩ።

«አባዬ፣ ሕፃኗ ምልክት ናት። አንተ ውስጥ የሚወለድ አዲስ ሰው ማለት ነው። ደረጃው ደግሞ ወደ አዲሱ ኑሮ መውጫ ነው። ምንም አትፍራ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «እንዲያ ነው?» አለ። «እግዜር ይስጥሽ።» ከዚያ ወዲያ ሕልሙን አንስቶብኝ አያውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። «አባትሽ ሕንፃውን እየቆፈሩ ነው፣ ድረሱላቸው!»

በጭቃው ስንሮጥ እናቴ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረችኝ። ከእኔ በፊት ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ቤተ ክርስቲያን ስለማትቀበር አባቴ ብቻውን ታቅፏት ወጥቶ ማሳው ዳር፣ ግራሩ ስር ቀበራት። ግራሩ በነበረበት ላይ አሁን ደረጃው ቆሟል።

ስንደርስ አባቴ የደረጃውን ኮንክሪት በዶማ ይመታል። ሠራተኞቹ ከብበው ይስቃሉ። መዳፉ ተልጦ እጀታው በደም ርሷል፤ ኮንክሪቱ ግን አልተጫረም።

«አባዬ፣ ይበቃሃል» ብዬ ያዝኩት።

«አትሰሙም እንዴ?» አለ። «ከብዷት እኮ ነው!»

ዶማውን ተቀብዬ እኔም መታሁ። ክንዴ እስኪዝል መታሁ። በመጨረሻ ጥበቃዎቹ ሁለታችንንም እየገፉ አስወጡን።

አባቴ ከዚያ በኋላ የኖረው ሁለት ክረምት ነው። እናቴም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው።

ዛሬ ሰው ሕልሙን ሲነግረኝ፣ «ያየኸው ሰው ማን ነው? ታውቀዋለህ?» ብዬ እጀምራለሁ። ይህ ጥያቄ ለአባቴ አልደረሰለትም። ያቺን ልጁን በልቡ የሚጠራበት ስም እንደነበረው እርግጠኛ ነኝ፤ ያን ጠዋት ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። አሁን የእህቴን ስም የሚያውቅ አንድም ሰው በሕይወት የለም።