ለአንድ ድንጋይ ሁለት ከተማ ዞርኩ

ከሰበታ የወጣሁት በማለዳ ነው፤ ሰፈሩ አኩርፎኝ። መንገዳችን ኮብልስቶን እንዲነጠፍ የወጪውን ግማሽ ነዋሪው ያዋጣል፣ ግማሹን ማዘጋጃ ቤቱ ይችላል ተባለ። ሁሉም ፈረመ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። «ግብር እከፍላለሁ፤ መንገድ የመንግሥት ሥራ ነው» አልኩ። አንድ ሰው ከጎደለ ደግሞ ሥራው አይጀመርም። የጎረቤቴ የደስታ ሚስት መውለጃዋ ተቃርቧል፤ ባጃጅ ጭቃችን ውስጥ አይገባም።

«ኦቦ ቱሉ፣ ሚስቴን በቃሬዛ ላውጣት?» አለኝ።

«የተነጠፈበትን ሳላይ አልፈርምም» አልኩት።

ቡራዩ

በአየር ጤና ዞሬ፣ ታክሲ ቀያይሬ ቡራዩ ገባሁ። ድንጋዩ ያምራል። ባጃጁ ይርመሰመሳል፤ ዳቦ ቤትም ተከፍቷል። ልቤ ላላ። ከቁልቁለቱ ሥር ግን አንድ ከወላይታ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥቷል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የትናንቱ ዝናብ ነው አባ። ድሮ መሬቱ ይመጥጠው ነበር። አሁን በድንጋዩ ተንሸራቶ እኔ ቤት ያድራል።»

«ቦይ የለም?»

«ሕዝቡ ‹መንግሥት ይቆፍረው› አለ። መንግሥትም ‹ሕዝቡ ይቆፍረው› አለ።» ሳቀ። «ውሃው ማንንም አልጠበቀም።»

ሱሉልታ

እንጦጦን ስናልፍ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ሱሉልታ ወርጄ አንዲት ሻይ ቤት ሻይ በቦንቦሊኖ ያዝኩ፤ ዋጋው ከሰበታ ይብሳል። ባለቤቷ ወይዘሮ ጫልቱ «አካም ጅርቱ» ብላ ተቀበለችኝ። ደጇ ላይ ኮብልስቶን፣ ከጎኑ ጥልቅ ቦይ አለ።

«ቦዩን ማን ቆፈረው?»

«እኛ፣ ድንጋዩ ሳይመጣ። ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ላከ፤ እኛ የውሃውን መሄጃ አሳየን። ጠቡንማ አይጠይቁኝ! ቦይ የማይወድ የለም፤ የሚጠላው በደጁ ሲያልፍ ነው እንጂ።»

«ታዲያ በማን በኩል አለፈ?»

«ከሁሉም ዝቅ ባለው ግቢ፣ በእኔ።» ጎመኗ የነበረበትን አሳየችኝ። «አሁን ግን መኪና ደጄ ይቆማል። ይኸው አንቱም መጡ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። በእኛ ሰፈር ከሁሉም ዝቅ ያለው ግቢ የእኔ ነው።

ሰበታ

ሲመሻሽ ደረስኩ። ደስታ መግቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እሺ፣ አዩ?»

«አየሁ። እፈርማለሁ። ግን ቦዩ ከድንጋዩ ይቅደም።»

«በየት በኩል ሊወርድ?»

«ውሃ ሽማግሌ አያከብርም። በግቢዬ፣ በጌሾዬ መካከል ነዋ!»

ከጉዞዬ የተማርኩት ይኸው ነው፦ መንግሥት መንገድ ያምጣ ማለት ቀላል ነው፤ በግቢዬ ይለፍ ማለት ነው የሚከብደው።

በማግስቱ በእጄ የተከልኩትን ጌሾ በእጄ ነቀልኩ። ደስታ አካፋ ይዞ መጣ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ኦቦ።»

«ሚስትህ ቀስ ልትል ነው? ቆፍር!»