የእትዬ ሩት ካፖርት

አትላስ ጋ ዕቃ ወደ ውጭ በሚልክ ካርጎ ቤት ውስጥ የማሸጊያ ፕላስተር ሲላጥ ስሰማ ወደ ስምንት ዓመቴ ተመለስኩ።

እናቴ ምግብ የምትሠራላቸው ሚሲዮናዊ አስተማሪዎች፣ እትዬ ሩትና ባላቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሻንጣ እየመዘኑ ነበር። ሦስት ኪሎ በለጠ። ባላቸው እናቴ ያዘጋጀችላቸውን በርበሬ አውጥተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። እናቴ ሽርጧን ጨምድዳ ያዘች። እትዬ ሩት መልሰው ከተቱት። ባልና ሚስቱ ሁልጊዜ የሚጣሉት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ ሆነ።

«ታዲያ ምን ይውጣ?»

«ካፖርቴ።»

«እዚያ ይበርድሻል።»

«ብለብሰውም ይበርደኛል።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ካፖርቱን ለእናቴ ሰጧት፤ አንድም ቀን አልለበሰችውም።

አሁን የካርጎ ቤቱ ሚዛን ላይ ያለው ያ ካፖርት ነው። ዛሬ ጠዋት እናቴ በርበሬ ጠቅልላበት፣ «ላኪላቸው» አለችኝ። «ይበርዳቸዋል።»