ከአጥር ውጭ የተገመገመው ማሽን

ጥቃቅንና አነስተኛ ተብለን ተደራጅተን ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ክፍል ብረት የምንበይድበት ጊዜ ነው። አዲስ ነገር ለሠራ መንግሥት የምርምር ድጋፍ ይሰጣል ሲባል፣ እኔም እንሰት የሚፍቅ ማሽን ሠራሁ። የሚገርማችሁ፣ እንሰት ሲፋቅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ደጋ፣ አማቴ መንደር፣ ሴቶች ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው አይደርስም። ባለቤቴ በእጇ እያሳየችኝ ነው የሠራሁት።

የሙከራው ቀን ሴቻ ሰፈር ካለው የመንግሥት ቢሮ ሦስት ገምጋሚዎች ይዤ ወደዚያው መንደር ወጣሁ፤ ሦስቱም ወንዶች። አማቴ ሰላም ብለውን ከአጥሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር አወጡልን።

“ልጆቼ፣ ከዚህ ማለፍ የለም” አሉ።

“እናቴ፣ ሳናይ እንዴት ነጥብ እንሰጣለን?” አለ ሰብሳቢው።

“ስሙታ!”

ለሴቶቹ የሞተሩን አነሳስ አሳይቼ፣ እኔም ወጥቼ ከገምጋሚዎቹ ጎን ተቀመጥኩ። ሞተሩ ተነሳ። ሰዎቹ ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። አንዱማ “ፍጥነቱ ጥሩ ነው” ብሎ ጻፈ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

በመጨረሻ ሞተሩ ጠፋና አማቴ ጥንቅቅ ብሎ የተፋቀ እንሰት በቅጠል ይዘው ወጡ። ሰብሳቢው በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፣ ራሱን ነቀነቀና ሙሉ ነጥብ ሰጠኝ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

እንግዶቹ መኪናው ውስጥ ሲገቡ አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ልጄ፣ ሰው ፊት እንዳይበላሽብህ ብለን፣ ሞተሩን ብቻ አስነስተን በእጃችን ፋቅነው።”