በመካኒሳው ጠጅ ቤት የተባለልኝ እልልታ

አባቴ ለሠርጌ ከመካኒሳው ቤት ሌላ ጠጅ እንደማይገባ የማለው ገና ሽማግሌዎቹ ከቤታችን ሳይወጡ ነው። ቤቱ የባልና ሚስት ነበር። ባልየው ማሩን ከዘመዶቹ ቀፎ ያመጣል፣ ሚስትየው ትጥላለች፤ ደርግ ከመጣ ወዲህ ማር ሲጠፋ እንኳ ስኳር ቀላቅለው አያውቁም ይባል ነበር። አባቴ እዚያ መጠጣት የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። ልጅ ሳለሁ ይዞኝ ሲሄድ ሴትየዋ ብርዝ ትሰጠኛለች፤ ከአንድያ ልጃቸው ጋር ጓሮ ውስጥ ጌሾ ስናሰጣ እንውላለን።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከብስራተ ገብርኤል በእግራችን ወረድን። ወንዙን ተሻግረን ስንደርስ ሁልጊዜ ገርበብ የሚለው በር ተዘግቷል። አባቴ አንኳኳ። የከፈተችልን ሴትየዋ ናት፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራዋለች። አባቴ እየሳቀ፣ ምነው ሰው ጠላችሁ አላት። ጥቂት አሟት እንደነበር ነግራው አስገባችን። ባልየው ከመደቡ ተነስቶ አባቴን ሳመው፤ አንገቱን አቅፎ ቆየ።

አባቴ ገና ሳይቀመጥ ልጄን ልድር ነው አለ። ባልየው መሬት መሬት አየ። ሴትየዋ ግን እልል አለች፤ ቀጭን እልልታ፣ ቶሎ የተቆረጠ። ከዚያ ጥንስሱን ላሳይሽ ብላ ጓዳ ወሰደችኝ። የጋኑን አፍ ገልጣ በጣሳ አቀመሰችኝ። እኔም ዝም ከምል ብዬ ስለ ልጇ ጠየቅኋት።

"መንገድ ሄዷል" አለችኝ።

"እንግዲህ ለሠርጌ ካልመጣ እቀየመዋለሁ በይልኝ።"

"እሺ ልጄ፣ እነግረዋለሁ።"

ስንመለስ ወንዙ ዳር ልብስ የምታጥብ ጎረቤታቸው አባቴን አወቀችውና ጠጋ ብላ ነገረችው። አብዮት ጠባቂዎች ልጁን ከቤት ወስደውት ኖሯል፤ ሬሳው የተገኘው አውራ ጎዳና ዳር ነው። ልቅሶ ስለተከለከለ ድንኳን አልተተከለም፣ ጥቁርም አልተለበሰም። እናትየው የተላጨችውን ጸጉሯን በሻሽ ሸፍናለች። አባቴ እመንገዱ ላይ ቁጭ አለ። የኔ ፊት ነደደ። ተመልሼ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ጎረቤቲቱ ክንዴን ያዘችኝ፤ የቀበሌ ጠባቂዎች ማን ገባ ማን ወጣ ይላሉ፣ ታስፈጇቸዋላችሁ አለች።

አባቴ ጠጁ ይቅር ብሎ ሰው ላከ። ባልየው፣ ሥራ ፈተን ከዋልን እናብዳለን፣ ተዉን ብሎ መለሰ። ጠጁም በሠርጉ ዋዜማ በአህያ ተጭኖ መጣ። እንግዳው ሁሉ አደነቀው። እኔ ብርሌውን ከንፈሬ አድርሼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሙሽራዋ አፍራ ነው ተባለ። እውነትም አፍሬ ነበር፤ የነሱን ሐዘን አስቀድቼ ሰው የማጠጣ መሰለኝ።

ከመልሱ በኋላ ከአባቴ ጋር እንደ ጠጪ ሆነን ሄድን። ባልየው ብርሌ ፊታችን ደርድሮ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኛ ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን አለቀስን። ሴትየዋን ይቅር በይኝ ልላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ልጄ? ደግሞም እሱ ከሄደ ወዲህ እንዳለ ሰው አድርጎ ስለሱ የጠየቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ይህን ስትለኝ ይብሱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከደጅ ጠጪዎች ሲጣሩ ተሰማ። ፊቷን በእጇ ጠርጋ ልትቀዳላቸው ተነሳች። እኔ እንዳቀረቀርኩ ቀረሁ።